ከመቃብሩ ጀርባ ያለው የባሕር ዳርቻ

ክብርት ከንቲባችን ላላ ራፊቃ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ በፊት ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ። ይህን የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ እንዲህ ሞልቶ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው የውሃ መስመሩ ተበጥሶ ከተማው በሙሉ ሊጮህብን የመጣ ዕለት ነው። ሁለተኛው ዛሬ። የመጣችሁት ለእኔ ይሁን ባለቤቴ ለሠራችው ተምር የተሞላ ጣፋጭ፣ ለመቅሩዱ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ለመቅሩዱ ከሆነም አልቀየማችሁም፤ እኔም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት የምሮጠው ለእሱ ነው።

ንግግር አላውቅበትም። የሎደር ሾፌር ነኝ። ሎደር ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ቢናገር ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ የሚሰማው የለም። እኔም ለምጄው ኖሬ ብዙ ነገር ለራሴ ብቻ ሳወራ ከረምኩ። ዛሬ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማይኩ በእጄ ነው፤ እንግዲህ ቻሉኝ።

ወደዚህ መሥሪያ ቤት ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የያኔው አለቃችን ባሕሩ ዳር አቁሞኝ እንዲህ አለኝ፦ «ላምጀድ፣ ይህን ሁሉ ሣር አየኸው? የሙቀቱ ወራት ሳይገባ አንዲት ቅጠል እንዳላይ። እንግዳው በባዶ እግሩ ሲሄድ አሸዋ ብቻ ነው የሚረግጠው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩት። መች ገባኝና።

ባሕራችንን ታውቁታላችሁ። የብርዱን ወራት ሙሉ ያንን ቡናማ የባሕር ሣር እየተፋ እስከ ወገብ ድረስ ይከምረዋል። ይሸታል፤ ዝንብ ይሰበስባል። አባቶቻችን ፍራሽ መሙያና የበግ መተኛ የሚሆናቸውን በእቅፍ ወስደው የቀረውን ባለበት ይተዉት ነበር። ሰነፎች ስለሆኑ ይመስለን ነበር። እኛ የተማርን ነን፣ ማሽን አለን። በየግንቦቱ እኔ በሎደሩ እየዛቅኩ፣ ጓደኞቼ በገልባጭ እያመላለሱ፣ በሁለት ሳምንት ዳርቻውን የተላጨ ጉንጭ እናስመስለዋለን።

ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህንንስ አልደብቅም። ሦስት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ ሦስቱንም ሳሎን ሰቅያቸው ነበር። በሆቴሎቹ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሳልፍ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ሎደር ሲነዳ የተጨበጨበለት ሰው ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?

ዳርቻው ግን ይጠብ ጀመር። ድንገት ቢሆን ኖሮ እንነቃ ነበር፤ ቀስ እያለ ስለነበር ዝም አልን። በአውሱ በዓል ቀን፣ ሙቀቱ ሲብስ ሰፈሩ በሙሉ ሊታጠብ ከነበጎቹ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ድሮ ሦስት ረድፍ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ሁለት ረድፍ ሆነ። ከዚያ አንድ። በመጨረሻ ሴቶቹ «እናንተ ከታጠባችሁ ተነሱልን፣ እኛም ተራችን ነው» እየተባባሉ መጨቃጨቅ ጀመሩ።

ሻይ ሰዓት ላይ ስንጨቃጨቅስ ትዝ ይላችኋል? እያንዳንዳችን የራሳችን ጥፋተኛ ነበረን። አንዱ «ወደቡ ነው፤ ያ የድንጋይ ክንዱ ከሰሜን የሚመጣውን አሸዋ ይዞ አስቀረው» ይላል። አንዱ «ግድቦቹ ናቸው፤ ወንዞቹ ወደ ባሕር የሚያመጡት ደለል ተራራ ላይ ቀረ» ይላል። ሌላው «የግንባታ አሸዋ የሚሰርቁት ናቸው» ይላል። እኔ ደግሞ ሆቴሎቹን ነበር የምከስሰው፤ በአሸዋው ጉብታ ላይ ነው የተሠሩት እል ነበር። አንዱ ሆቴል ፊት ለፊቱ ትልልቅ ድንጋይ ደርድሮ የራሱን ዳርቻ ሲያድን፣ ባሕሩ ንዴቱን ከእሱ ቀጥሎ ባለው በዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ላይ ተወጣው። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ለዚህም ነው ያታለለን።

አንድ ሰው ብቻ ነበር ሌላ ነገር የሚናገረው፤ የበር ጥበቃችን አሚ ሐሱና። ይኸው ከፊት ተቀምጧል፣ ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ አላህ ይጠብቀው። አሚ ሐሱና ከከርከና ደሴት ነው የመጣው። ሻዩን እየጠጣ «ሣሩን ለምን አትተዉትም? እኛ አገር ማንም አይነካውም» ይለን ነበር። እኛስ ምን አልነው? «የከርከና ሰው ስለ ኦክቶፐስ ካልሆነ ምን ያውቃል!» ብለን ሳቅንበት። አሚ ሐሱናም «እሺ፣ ኦክቶፐስ እንኳ የተኛበትን ድንጋይ አያፈርስም» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ሃያ ዓመት ሳቅንበት። አሚ፣ ዛሬ በሁሉም ፊት አንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገና ግን ሌላ ይቅርታ አለብኝ፤ እሱ ከባድ ነው፤ እየተጠጋሁት ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት በጥር የመጣው ማዕበል አይረሳችሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ነው የመታን። ታላቅ ወንድሜ ቲጃኒ ያኔም አሁንም እዚያው ከአባታችን የወረሰው ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ የግቢው ግንብ የለም። መረብ የሚያስቀምጥበት ክፍል የለም። እናታችን የተከለችው በለስ ከነሥሩ ተነቅሎ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቲጃኒ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ልጆች ሆነን ከቤታችን በር እስከ ውሃው ሰባ እርምጃ ነበር። ያን ቀን በኋላ ውሃው ሲሸሽ ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ።

ቲጃኒ ዞሮ አየኝና «ላምጀድ፣ እኔ ባሕሩን ምን አደረግሁት?» አለኝ።

«ወደቡ ነው ወንድሜ፣ ወደቡ ነው» አልኩት። ያኔ የማውቀው ያንን ነበር።

ከማዕበሉ በኋላ ነው መሐንዲስ ነጂባ የተላከችልን። ከስፋክስ መጣች፤ ቀጭን፣ ትልቅ መነጽር ያደረገች። ልንገርሽ ነጂባ፣ መጀመሪያ ቀን «ይህቺን ንፋስ ይወስዳታል» ብለን ተወራርደን ነበር። ሻይ የተወራረዱት ሁሉ ተሸንፈዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ጋራዥ ድረስ መጣችና እንደ ታላቅ «ሲ» ብላ ጠርታ ጠየቀችኝ።

«ሲ ላምጀድ፣ የሚጠርጉትን ሣር የት ነው የሚደፉት?»

«የት ይደፋል? ከመቃብሩ ጀርባ፣ አሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ።»

«ያሳዩኝ።»

«ወይዘሪት፣ እዚያ የሚታይ ነገር የለም። ይሸታል።»

«ስፋክስ ፋብሪካዎቹ መሃል ነው ያደግሁት፤ ሽታ አያስፈራኝም። ይንዱ።»

ነዳሁ። ካባው ድሮ ጉድጓድ ነበር፤ ሞልቶ ኮረብታ ከሆነ ቆይቷል። ላዩ ላይ አረም በቅሎበታል። እኔ ወረድኩና ሲጋራ ለኮስኩ። እሷ አካፋ ይዛ ወጣች። ትቆፍራለች፣ ትቆማለች፣ ትንሽ ርቃ እንደገና ትቆፍራለች። ከዚያ በእጇ ጠራችኝ።

ሣሩ በስብሶ ጠፍቷል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው። ነጭ፣ ደቃቅ፣ ሁላችንም የምናውቀው የእኛው አሸዋ፤ ዛጎል እንኳ ነበረበት። ከባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ከሙታን ጀርባ፣ የባሕር ዳርቻ ላይ ቆሜአለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያንን አሸዋ እዚያ ማን ወሰደው? ጎርፍ ነው? ንፋስ ነው? ያኔ ዙሪያዬን ያየሁት የምከስሰው ሰው ፈልጌ ነበር። ሎደሩን የሚነዳ አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው።

«ስንት ዓመት ሆነዎት?» አለችኝ።

«ሃያ ስምንት።»

«በዓመት ስንት ገልባጭ?»

«ሃምሳ። አንዳንዴ ስልሳ።»

ሲጋራዬ እጄ ላይ አለቀ። ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው የጣልኩት። ሣሩ ለማዕበሉ ትራስ ነው አለችኝ፤ ውሃው እሱን ሲመታ ይደክማል፣ ይዞት የመጣውንም አሸዋ እዚያው ይጥላል። እኔ ትራሱን ባነሳሁ ቁጥር ከምዝቀው አንድ ሦስተኛው አሸዋ ነበር። ነጂባ ያን ቀን ልትሰድበኝ ትችል ነበር። መብቷ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ ያለችኝን እስክሞት አልረሳውም። «ሲ ላምጀድ፣ ወደቡም አለበት፣ ግድቡም አለበት፣ ሆቴሉም አለበት። ወደቡን ግን እኔና እርስዎ ማንሳት አንችልም። የእርስዎን ሎደር ማቆም እንችላለን።»

ነጂባ፣ ልጄ፣ ስለዚያ ቀን አመሰግንሻለሁ። ጥፋቴን አሳየሽኝ፣ በዚያው ቅጽበት ሥራ ሰጠሽኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሦስቱን የምስጋና ወረቀቶች ከግድግዳው አወረድኳቸው። ባለቤቴ «ቀለም ልትቀባ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። እስካሁን አልቀባሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሠርታችሁታልና። አሚ ሐሱና ከጥበቃ ወንበሩ ተነሥቶ መምህራችን ሆነ። ደሴታቸው ላይ ባሕር ውስጥ ለዓሣ ወጥመድ እንደሚያጥሩት፣ ደረቅ የተምር ዘንባባ አሸዋው ውስጥ እንዴት እንደሚተከል አሳየን፤ ጎን ለጎን፣ ጠመም ተደርጎ፣ ንፋሱ እንዲያልፍ አሸዋው ግን እንዲቀር። ከመዝገብ ቤት የመጣችሁ ሴቶች ዘንባባ ተሸክማችሁ ስትሮጡ፣ የሒሳብ ሹማችን ጫማውን አውልቆ ሲቆፍር ያየ ሰው ይህን መሥሪያ ቤት አይንቅም። አንድ መንገደኛ ልጅ «ምን ልታጥሩ ነው፣ ባሕሩን?» ብሎ ሲስቅብን፣ አሚ ሐሱና «አይደለም፣ አንተን» ያለው ትዝ ይላችኋል?

ሆቴሎቹንም አልበድልም። እንግዶቻቸው ያማርራሉ፤ ሽታው ውሸት አይደለም። ለዚህ ነው ነጂባ መንሽ ያመጣችው፦ በሐምሌ ብቻ፣ በእጅ፣ ላይ ላዩን አንሥቶ ከዘንባባው አጥር ሥር ማስቀመጥ፣ በመከር ወደ ቦታው መመለስ። አድካሚ ነው። ሁላችሁም ወገባችሁን ታማችኋል። አንድም ሰው ግን «አልሠራም» ብሎ አያውቅም።

አሁን ክብርት ከንቲባ፣ አንድ ነገር ልንዘዝ። ካባውን ካየሁ ወዲህ፣ ከእርስዎ በፊት ከነበሩት ከንቲባም፣ ከእርስዎም፣ በየግንቦቱ «ሎደሩ ይውጣ፣ ዳርቻው ይጠረግ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰኝ ነበር። በየግንቦቱም ሎደሩ ይበላሻል። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ «ይህ ማሽን በግንቦት ብቻ የሚታመመው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። «የአበባ ብናኝ አይስማማውም» አልኩት። እውነቱን ልንገርዎ፤ ሎደሩ ተበላሽቶ አያውቅም። የባትሪውን ገመድ ነቅዬ ቤቴ እወስደው ነበር። ሜካኒካችንም ያውቅ ነበር። አይዩት፣ ዛሬ የእኔ ቀን ነው።

ሳቃችሁ ደስ ይላል። ይህ ቀልድ ግን ከዛሬ በኋላ አይሠራም። አዲሱ ሾፌራችን ታማኝ ሰው ነው፤ ንዳ ሲሉት ይነዳል። ላላ ራፊቃ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የሆቴሎቹ ደብዳቤ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ሎደሩ ወጥቶ ዳርቻውን እንዲጠርግ የሚጠይቅ። አልተፈረመበትም። እስካሁን።

ስለዚህ ያንን ከባድ ነገር ዛሬ መናገር አለብኝ። ወንድሜ ቲጃኒ እዚህ አለ፤ ከኋላ፣ መስኮቱ ጋ። ወንድሜ፣ ዓርብ ዓርብ ቤትህ ኩስኩስ ልበላ ስመጣ መጀመሪያ ከበርህ እስከ ውሃው በእርምጃ የምሄደው ለምን እንደሆነ ጠይቀኸኛል። «ሐኪም እንድንቀሳቀስ ነግሮኝ ነው» አልኩህ። ሐኪም አልነገረኝም። እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አንድ የነበረው ዘንድሮ ሃያ ሦስት ደርሷል።

ቲጃኒ፣ ያን ቀን ባሕሩን ምን እንዳደረግኸው ጠየቅኸኝ። አንተ ምንም አላደረግኸውም። ከቤትህ ፊት የነበረውን አሸዋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ባላውቅም እኔ ነኝ። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደቡን እየከሰስክ ስትራገም ኩስኩስህን እየበላሁ ዝም አልኩ። ይህኛውን አላወቅሁም ማለት አልችልም። የእናታችን በለስም ከእኔ የተነሣ ነው የተነቀለው። ባሕሩን አልፈራሁም፤ አንተን ፈራሁህ። ብትቀየመኝ፣ አሁን ተነሥተህ ብትወጣም፣ እውነት አለህ።

…

ምን አልክ? አይሰማኝም። እስቲ መንገድ ልቀቁለት፣ ጮክ ብሎ ይናገር።

«አሸዋው አሁንም እዚያ ነው ወይ?» ይላል።

አዎ ወንድሜ፣ እዚያው ነው። ማንም አልነካውም። ነጂባ፣ ነው አይደል? ነው ትላለች። ሣሩ በስብሶ ወጥቶለታል፣ በወንፊት ከተነፋ ንጹሕ ነው ትላለች።

«እንግዲያው ሰኞ ሎደሩ ይውጣ» ይላል። «ወደ መቃብሩ ጀርባ ሂድና አሸዋውን አምጣው።»

እናንተ ትስቃላችሁ፤ እሱ ግን አይስቅም። አውቀዋለሁ። ቲጃኒ፣ እኔኮ ጡረታ ወጣሁ! … «እኔ ጡረታ አላወጣሁህም» ይላል።

ላላ ራፊቃ፣ ሰምተዋል። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ላስጨንቅዎ አልፈልግም… ምን አሉ? «በሆቴሎቹ ደብዳቤ ፈንታ ይህን ነጂባ ትጻፈው፣ እፈርማለሁ» አሉ? ይህን ማይክ ላይ ሊደግሙልኝ ይችላሉ? አይ፣ ይበቃል፤ ሁሉም ሰምቷል። አልሐምዱሊላህ።

ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። መነጽሬን ልጥረግ።

ወንድሜ «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለኝም። አሸዋውን መልስ ነው ያለኝ። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ከእሱ አልጠበቅሁም። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም፤ ለመውሰድ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል። አዲሱ ሾፌራችን ከጎኔ ይቀመጥ፤ የማልጨርሰውን እሱ ይጨርሰዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንጀራ ያበላኝ ይህ ቤት ነው። ስሳሳት ያልጣላችሁኝ፣ ልታረም ስል አካፋ ያቀበላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አሚ ሐሱና፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ ምክርህንም ገና በመጀመሪያው ሻይ የሚሰማ ሰው ይስጥህ። ነጂባ፣ አላህ ካሰብሽው ያድርስሽ። ክብርት ከንቲባ፣ አላህ ብዕርዎን ለመልካም ነገር ያንቀሳቅሰው። እናንተ ሁላችሁ፣ አላህ ወገባችሁን ያጽናላችሁ፣ ቤታችሁን ከማዕበል ይጠብቅላችሁ።

የልጅ ልጆቻችሁንም እግር አሸዋ አያሳጣው።